ዛንዚባር ለመዝናናት ስታስቡ፦ መጀመሪያ ጨረቃዋን እዩ

ዛንዚባር ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቲኬት ዋጋ ነው። ቀጥሎ ሆቴል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱም በፊት መታየት ያለበት የጨረቃዋ ቀን ነው። ምክንያቱም እዚያ ደሴት ላይ ባሕሩ ሁልጊዜ ቦታው ላይ የለም። ቀልድ አይደለም። ብዙ ሰው ደክሞ ባጠራቀመው ገንዘብ ሄዶ፣ ቁርሱን በልቶ ፎጣውን ይዞ ሲወጣ ባሕሩን ያጣዋል።

ይሄ መመሪያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ለመዋኘት፣ ለመጨፈርና ለመተኛት ለሚሄድ ሰው ነው። ታሪክና ሙዚየም ዋና ጉዳዬ አይደለም፤ እግረ መንገዴን እነካካዋለሁ።

1. ጨረቃዋን እዩና ቀን ቁረጡ

የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ከምናምን ነው። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ የከፍታው ልዩነት በጣም ይሰፋል፤ ዛንዚባር ላይ ወደ አራት ሜትር ይጠጋል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ባሕሩ ረጋ ይላል፣ ብዙም አይርቅም።

በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ የሚሸሸው ረፋድ ላይ ነው፣ ከጠዋቱ 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ ወይም ጃምቢያኒ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ውሃው ሩቅ ሄዶ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ይሆናል። ኮራሉ ላይ፣ ማለትም ባሕሩ ውስጥ እንደ ድንጋይ ግንብ በቆመው ላይ፣ የሚሰበረው ማዕበል ነው እሱ። ከእናንተ እስከዚያ ድረስ እርጥብ አሸዋ ነው። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በአጫጭር እንጨቶች መሐል በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ይለቅማሉ። ለነሱ ይሄ እርሻ ነው፤ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ልጆች በየኩሬው ትንንሽ ዓሣ ያባርራሉ። ማየቱ ደስ ይላል። ለመዋኘት የመጣ ሰው ግን እስከ ከሰዓት 8 ወይም 9 ሰዓት ድረስ መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ ምን እንደምትፈልጉ ለራሳችሁ ንገሩ። ጭፈራ ከሆነ ሙሉ ጨረቃ ያለችበትን ቅዳሜ ያዙና ወደ ሰሜን ሂዱ። ለምን ቅዳሜ እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ዕረፍትና ዋና ከሆነ፣ በተለይ ሙሽሮች ከሆናችሁ፣ ግማሽ ጨረቃ ያለችበትን ሳምንት ምረጡ። በእነዚያ ቀናት ባሕሩ የሚሞላው ረፋድ ላይ ነው። ከቁርስ ተነስቶ በቀጥታ ውሃ ውስጥ መግባት ይቻላል፣ በምሥራቁ ዳርቻም ቢሆን። የባሕር ሙላትና ሽሽት ሰዓት የሚያሳዩ ነፃ አፖች አሉ። አንዱን አውርዱና ዛንዚባር ብላችሁ ፈልጉ። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ግን፣ ከደረሳችሁ በኋላ አይደለም።

2. ወቅቱ

እኛን የሚጠቅም አጋጣሚ አለ። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስትጨማለቅ ዛንዚባር ደረቅና ነፋሻማ ናት። ልጆችም ትምህርት ቤት ዘግተዋል። በዚያ ሰሞን ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኩሲ የሚባለው ነፋስ ምሥራቁን ዳርቻ ያናውጠዋል። ፓጄ ላይ ካይት በሚባል፣ በነፋስ በሚበር ትልቅ ጨርቅ እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ፈረንጆች የሚበዙት ለዚህ ነው። ሰሜኑ ግን ጸጥ ይላል።

የፋሲካ ዕረፍት ለዛንዚባር አይመችም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ነው፤ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። ዋጋው ይረክሳል፣ እሱ እውነት ነው። ኅዳር አካባቢ ደግሞ ትንሹ ዝናብ አለ፤ መጥቶ ይሄዳል፣ ብዙ አያስጨንቅም። ገናና የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሙቀቱም ዋጋውም ጣራ የሚነካበት ጊዜ ነው።

ሮመዳንን ደግሞ አትርሱ። የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በጾሙ ወር የሰፈር ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ይዘጋሉ፣ መንገድ ላይ መብላትና መጠጣት ነውር ነው፣ ጭፈራውም ይቀዘቅዛል። ለዕረፍት ብቻ የሚሄድ ሰው ሆቴሉ ውስጥ ምንም አይጎድልበትም። ለፓርቲ ከሆነ ግን ወሩን አሳልፉት።

3. ዳርቻ መምረጥ

ሰሜን፦ ኑንግዊና ኬንድዋ። ባሕሩ ቢሸሽም ብዙ አይርቅም፤ በተለይ ኬንድዋ ላይ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ላይ ትታያለች። ባር፣ ሙዚቃና ሰው ያለው እዚህ ነው። ኑንግዊ ጫጫታ ይበዛባታል፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ኬንድዋ እላለሁ።

ምሥራቅ፦ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ወደ ላይ ደግሞ ማቴምዌ። አሸዋው ዱቄት ነው። ፓጄ ለወጣት ይሆናል፣ የራሱ የምሽት ጭፈራም አለው። ጃምቢያኒ የመንደር ኑሮ ያለው፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ሆቴሉም ይረክሳል። እዚህ ፀሐይ ከባሕር ትወጣለች እንጂ ወደ ባሕር አትጠልቅም። ስትጠልቅ ማየት ከፈለጋችሁ ከልሳነ ምድሩ ጀርባ ሚቻምቪ መሄድ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ቀን ካላችሁ ሁለት ቦታ ይበቃል፤ የመጨረሻዋን አንድ አዳር ለከተማዋ፣ ለስቶን ታውን፣ ተዉ። በየቀኑ ሻንጣ እየጎተተ የሚዞር ሰው አላረፈም።

4. ወረቀቱን ጨርሱ

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ናት፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው የታንዛኒያ ቪዛ ነው። በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይጠየቃል። ተራው የቱሪስት ቪዛ 50 ዶላር ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው 100 ዶላር ይከፍላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ፣ መልሱ ሳይመጣ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። ጊዜ ስጡት። አስመሳይ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው፤ የመንግሥት መሆኑን ሳታረጋግጡ ካርዳችሁን አታስገቡ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ልትጠይቁ መጥታችሁ ከአዲስ አበባ ጎራ ለማለት ካሰባችሁ፣ ስለ ታንዛኒያ ቪዛ ብቻ አታስቡ። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ የኢትዮጵያ ቪዛ ከገባችሁ፣ ስትወጡ ያልቃል፤ ለመመለስ ሌላ ያስፈልጋል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ይሄ አይመለከተውም።

ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ የደሴቲቱን መንግሥት ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ አለኝ ማለት አያድንም። በኢንተርኔት ቀድማችሁ ክፈሉና ወረቀቱን በስልካችሁ ያዙ፤ ኤርፖርት ላይ ወረፋ ከመሰለፍ ትድናላችሁ።

ሦስተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ካርዱን ይጠይቋችኋል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ዋዜማው ላይ መሮጥ አይሠራም። ከዚህ በፊት የተከተባችሁ ድጋሚ አያስፈልጋችሁም፣ አሁን ለዕድሜ ልክ ነው። ወባም ትንሽ ትንሽ አለ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ፣ መድኃኒቱን ሐኪም አማክሩ።

5. ገንዘብ

ብር እዚያ አይመነዘርም ብላችሁ ተነሱ። ባንክ ሄዳችሁ በፓስፖርት፣ በቪዛና በቲኬት ዶላር ጠይቁ። ስትቀበሉ አዲስ አዲሱን ምረጡ። አሮጌ፣ የተቀደደ ወይም እስክሪብቶ የነካው ዶላር እዚያ ማንም አይነካውም። ከደረሳችሁ በኋላ ጥቂቱን ወደ ሽልንግ ለውጡ። አንድ ዶላር ከ2 ሺህ ሽልንግ በላይ ነው፣ ኪሳችሁ በአንዴ ያብጣል፣ አትደንግጡ። ዋጋ በዶላር ሲነገራችሁ በሽልንግ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በሽልንጉ ይሻላል። ባንክና ማሽን የሚገኘው በብዛት ከተማ ውስጥ ነው። ወደ ዳርቻው ከመውረዳችሁ በፊት ያዙ። ሆቴል ስትደርሱ ደግሞ በሰውና በአዳር የሚታሰብ የመንግሥት ክፍያ ሊመጣባችሁ ይችላል። ዋጋው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ።

6. ሻንጣና መንገድ

ፌስታል አትያዙ። ታንዛኒያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፣ ዱቲ ፍሪ የሰጣችሁም ቢሆን። የባሕር ጫማ ያዙ፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ለከተማና ለመንደር ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ጨምሩ። ቢኪኒ ለዳርቻው ብቻ ነው። ይሄን ለመረዳት እኛ ብዙ ምክር የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

በረራው ከቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓታችሁን አትቀይሩም፣ እንደኛው ነው። አቆጣጠራቸውም እንደኛው ከንጋት ይጀምራል። ሾፌሩ በስዋሂሊ «ሳ ታቱ» ካላችሁ የኛው ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ለፈረንጅ ብሎ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ ከአውሮፕላን ጋር የተያያዘ ቀጠሮ አትያዙ።

ከኤርፖርት ወደ ኑንግዊ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ወደ ፓጄ ትንሽ ያንሳል። ሆቴሉን መኪና እንዲልክ ጠይቁና ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ። እዚያው ደርሶ መከራከርም ይቻላል፤ መጀመሪያ የሚጠሩት ዋጋ የመርካቶ ዋጋ ነው። ዳላዳላ የሚባል የሕዝብ ትራንስፖርትም አለ፦ ለኑንግዊ 116፣ ለጃምቢያኒ 309። በጣም ርካሽ ነው። ሻንጣ ይዞ ግን ጭንቅ ነው። ሞተር ሳይክል ለመከራየት ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ፦ የሚነዳው በግራ ነው፣ ትራፊክ ፖሊስም ፈቃድ ይጠይቃል። የአገሩን ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ አከራዩ ያወጣላችኋል።

7. ባሕሩ ውስጥ

ደጋ ያደግን ሰዎች አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፣ እንነጋገር ከተባለ። ችግር የለውም። ምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ ሲሞላ ኮራሉ ማዕበሉን ስለሚያስቆመው ውሃው እንደ ገንዳ ጸጥ ይላል፣ ረጅም መንገድ ሄዳችሁ ወገብ ላይ ነው። እዚያ ተንከራፈፉ። ማድረግ የሌለባችሁ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ኮራሉ በእግር ርቃችሁ ሄዳችሁ ጊዜ መርሳት ነው። ሲመለስ ቀስ ብሎ ይመስላል፣ ግን ከኋላችሁ ያለውን ጎድጓዳ ቀድሞ ይሞላዋል። መሸሹ ካበቃ ወዲያው ፊታችሁን ወደ ዳር መልሱ።

እሾሃማ፣ ጥቁር፣ ኳስ የሚያህል ፍጥረት ድንጋዩ ሥር ታያላችሁ። የባሕር ጃርት ነው። ከረገጣችሁት እሾሁ ይሰበርና እግራችሁ ውስጥ ይቀራል። ጫማው ለዚህ ነው።

ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሕይወት ጃኬት በልካችሁ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። «አለ» ሲሏችሁ አትመኑ፣ ልበሱት። ፀሐዩን በተመለከተ፣ «እኛ ጥቁር ነን፣ አንቃጠልም» የሚል ወሬ አለ። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስድስት ዲግሪ ላይ ናት፤ ትከሻችሁ ተልጦ ታዩታላችሁ። ቅባት ተቀቡ፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ተኙ። ሹሩባ የተሠራችሁ ደግሞ ማታ ማታ ጨዉን በንጹሕ ውሃ አውጡት፣ አለበለዚያ የራስ ቆዳችሁን ያሳክካል።

8. ጭፈራው

ኬንድዋ ላይ የሚታወቀው የሙሉ ጨረቃ ፓርቲ ነው። ለሙሉ ጨረቃዋ በሚቀርበው ቅዳሜ፣ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ ይደረጋል። ሰው ከመላው ደሴት ይመጣል። መግቢያ ይከፈላል። ሞቅ የሚለው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ተኙ፣ እራት ብሉ። ቢራው ኪሊማንጃሮ ወይም ሳፋሪ ነው። ኮንያጊ የሚባለውን የአገሩን መጠጥ ግን እንደ ውሃ አትዩት።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ከጨረቃዋ ጋር የመጣ። ኑንግዊ ያረፉ ሰዎች ማታ በእግራቸው አሸዋ አሸዋውን ወደ ኬንድዋ ይሄዳሉ። በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ ከምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ስለሚሸሽ መንገዱ ሰፊ፣ በጨረቃዋም ብሩህ ነው። ሌሊት 9 እና 10 ሰዓት ላይ ሲመለሱ ግን ባሕሩ ሞልቷል፣ አሸዋውም የለም። ከድንጋይና ከውሃ መሐል ሰክሮ መቆም ነው የሚተርፈው። በዚያ ላይ ጨለማ ዳርቻ ላይ ስልክና ቦርሳ የሚቀሙ አሉ። ስለዚህ ወይ ኬንድዋ እደሩ፣ ወይ የመመለሻ ታክሲ ቀን ላይ ተነጋገሩና የሾፌሩን ስልክ ያዙ። ፓስፖርት ሆቴል ይቅር። ብርጭቋችሁን ለማንም አደራ አትስጡ።

ሙዚቃ እንጂ ዲጄ አይደለም የምፈልገው ለሚል፣ በፌብሩዋሪ ወር ስቶን ታውን ውስጥ ሳውቲ ዛ ቡሳራ የሚባለው ፌስቲቫል አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ከመላው አፍሪካ የመጡ ባንዶች በቀጥታ ይጫወታሉ። በኔ ሚዛን ከሙሉ ጨረቃው ፓርቲ ይበልጣል።

9. ሽርሽር

ዳርቻ ላይ «ፓፓሲ» የሚባሉ ሽርሽር የሚሸጡ ልጆች ይከተሏችኋል። አትቆጡ። «ሃፓና፣ አሳንቴ» በሉ፣ አይሆንም፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ሳትቆሙ እለፉ። ከቆማችሁ አለቀላችሁ።

ከሚሸጡላችሁ ውስጥ አንድ ብቻ ከመረጣችሁ ምኔምባ የምትባለው ትንሽ ደሴት ትሁን፤ በመነጽር ኮራልና ዓሣ የሚታይባት ናት። በጠዋት ሂዱ፣ ቀትር ላይ ጀልባው እንደ ታክሲ ተራ ነው። ዶልፊን ሲያዩ የሚያሳድዱ ጀልባዎች አሉ። የናንተው ካሳደደ አስቁሙት፣ እንስሳው ይጨነቃል። ናኩፔንዳ የሚባለው ከስቶን ታውን ማዶ ያለ አሸዋ ደግሞ ባሕሩ ሲሞላ የሚጠፋ ነው፤ እዚህም አፑን ማየት ነው። ፒንግዌ ያለው ዐለት ላይ የተሠራ ምግብ ቤትም እንዲሁ፦ ሲሸሽ በእግር፣ ሲሞላ በጀልባ ይኬዳል። ሲሞላ ሂዱ፣ ያኔ ነው ፎቶው የሚያምረው። ጆዛኒ ጫካ ቀዮቹን ኮሎበስ ጦጣዎች ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል።

10. የመጨረሻዋ ማታ

ስቶን ታውን በ2000 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ቀን ላይ ጠባብ መንገዶቿ ውስጥ ጥፉ። የባሪያ ገበያ የነበረበትን ቦታ፣ ዛሬ ካቴድራል የቆመበትን፣ ሳታዩ አትመለሱ። ሲመሽ ፎሮዳኒ መናፈሻ ሂዱ። ባሕሩ ዳር በፋኖስ የምግብ ገበያ ይዘረጋል። የዛንዚባር ፒዛ የሚሉትን እዘዙና ሲሠራ ቁማችሁ እዩ። ሊጡን በዘይት በራሰ እጁ ወረቀት እስኪመስል ይስበዋል። መሐሉ ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ ያደርጋል፣ እንቁላል ይሰብርበታል፣ ጠርዙን እንደ ፖስታ አጥፎ ምጣዱ ላይ ይጥለዋል። ከሱ ጋር የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ። የባሕር ምግቡን ግን ጠርጥሩት፤ ሙቀት ላይ የቆየ አለ። እፊታችሁ የተጠበሰውን ብቻ ብሉ፣ ዋጋም ቀድማችሁ ጠይቁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ በኮኮናት የተሠራ የቦሎቄ ወጥ፣ ማሃራጌ፣ ቻፓቲ ከሚባለው ቂጣ ጋር በየምግብ ቤቱ አለ። ሽሮ አያስናፍቅም።

ለቤት ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል ግዙ። ዳራጃኒ ገበያ ላይ ግዙ እንጂ የቅመም እርሻ ጉብኝቱ ላይ አይደለም፣ እዚያ ዋጋው ለቱሪስት ነው። በወረቀት ይጠቅልሉላችሁ። ዛጎል፣ ኮራልና የኤሊ ቅርፊት ግን ቢያምርም አትንኩ፤ ማውጣት የተከለከለ ነው፣ ኤርፖርት ላይም ሻንጣ ይፈተሻል።